ሦስት ጥያቄዎች ስለ አንድ ውሻ

በሐምሌ 2008 የሪያድ የሃይማኖት ፖሊስ በከተማዋ ውሻና ድመት መሸጥንም፣ ይዞ አደባባይ መውጣትንም ከለከለ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሌላ ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ዜናውን ከሩቅ ለሰማ ሰው ስለ ንክሻ የወጣ ሕግ ይመስላል። ነገሩ ግን ሌላ ነበር። የሃይማኖት ፖሊሱ ኮሚሽን የሪያድ ኃላፊ የሰጡት ምክንያት ወጣት ወንዶች እንስሳቱን ሴቶችን መልከፊያና ቤተሰብን መረበሻ አድርገዋቸዋል የሚል ነው። ከሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በጅዳና በመካ ተመሳሳይ እገዳ ወጥቶ እምብዛም ሳይሠራበት ቀርቷል። የሪያዱም እየላላ ሄደ። በ2016 ኮሚሽኑ ራሱ ሰው የማሰርና የማሳደድ ሥልጣኑን ተነጠቀ፤ በ2020 ደግሞ በምሥራቁ ጠረፍ በኸበር ከተማ ሰው ከነውሻው ቡና የሚጠጣበት ካፌ ተከፈተ።

ዛሬ በሪያድ ሻል ባሉት ሰፈሮች ማታ ማታ ውሻ ይዞ መንሸራሸር ብርቅ አይደለም። ጀርመን ሼፐርድ አለ፣ ትንንሾቹ የቤት ውሾች አሉ፣ ሐስኪ ሳይቀር አለ። በአርባ አምስት ዲግሪ ሙቀት ለበረዶ የተፈጠረ ውሻ ማሳደግ ለእንስሳው የሚያዝን ሰው የሚያደርገው አይመስለኝም፤ ግን እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። በዑድ፣ በመንፉሓና በበጥሓ አካባቢ የሚኖረው ሐበሻ ሠራተኛ ከውሻ ጋር የሚገናኘው እንዲህ ባለ ሽርሽር አይደለም። የሚገናኘው እንጀራው ባለበት ነው፦ በሚጠብቀው ኢስትራሃ (የእረፍት ቀን ማሳለፊያ ግቢ)፣ በእርሻው፣ በማዳም ግቢ። ወይም ከከተማው ዳር፣ በግንባታ ቦታና በቆሻሻ መጣያ አጠገብ፣ በመንጋ ከሚዞሩት ጋር።

ስለዚህ «አደገኛ የሚባሉ የውሻ ዝርያዎች ይታገዱ ወይስ አይታገዱ» የሚለው ዓለም አቀፍ ክርክር ለዚህ ሰው ምን ይጠቅመዋል? ይጠቅመዋል፤ ግን መጀመሪያ ክርክሩ ከየት እንደሚነሳ ማየት ያስፈልጋል። ሕግ አውጪዎች ስለ አንድ ውሻ ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎችን ሲጠይቁ ኖረዋል። ለንደን «ዝርያው ምንድን ነው?» ትላለች። ሪያድ ከጥንትም «ለምን ያዝከው?» ትላለች። የኢትዮጵያ ሕግ ደግሞ «የማን ነው?» ይላል። እኔ ሦስተኛው ይሻላል ባይ ነኝ። ችግሩ ከሦስቱ በሥራ ላይ እጅግ የደከመውም እሱው መሆኑ ነው።

የለንደን ጥያቄ

ዝርያን በስም ጠርቶ የማገድ ነገር ሲነሳ ሁሉም የሚጠቅሰው የብሪታንያን የ1991 ሕግ ነው። በዚያ ዓመት ሕፃናትና አዋቂዎች በውሾች ክፉኛ ተነክሰው ጋዜጦች ሲጮኹ መንግሥት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሕግ አርቅቆ፣ አጽድቆ፣ በነሐሴ ሥራ ላይ አዋለ። አራት ዓይነት ውሾች ታገዱ፦ ፒት ቡል ቴሪየር፣ የጃፓኑ ቶሳ፣ የአርጀንቲናው ዶጎና የብራዚሉ ፊላ። ሦስቱን እንግሊዛዊው ያን ጊዜ በስም እንኳ የሚያውቃቸው አልነበረም ማለት ይቻላል። የክርክሩ ሁሉ መነሻ ፒት ቡል ነው።

ፒት ቡል የዘር ሐረጉ የሚመዘዘው በሬን በውሻ እያስነከሱ ይዝናኑበት ከነበረው የእንግሊዝ ጨዋታ ነው። ጨዋታው በ1835 ሲከለከል ሰዎች ውሻን ከውሻ ወደ ማዋጋት ዞሩ፤ ለዚያም ጡንቻማ፣ የያዘውን የማይለቅ፣ ሕመም የማይመልሰው ውሻ እየመረጡ አራቡ። የእገዳ ደጋፊዎች የሚነሡት ከዚህ ነው፤ ክርክራቸውም ተራ አይደለም። ነገሩ ይህ ውሻ ከሌላው አብዝቶ ይነክሳል ማለት አይደለም፣ ሲነክስ ግን ጉዳቱ የተለየ ነው ይላሉ። ትንሽ ውሻ ቢናከስ ቁርጭምጭሚት ያቆስላል፤ አርባና ሃምሳ ኪሎ የሚመዝን፣ ይዞ የሚነቀንቅ ውሻ ግን ሕፃን ይገድላል። አደጋው ሲደርስ «ባለቤቱ ጥሩ አላሳደገውም ነበር» የሚል ማብራሪያ ለሞተው ልጅ ወላጅ ምንም አይፈይድም።

ሌላው ወገን ሁለት ነገር ይመልሳል። አንደኛው ዝርያን በዓይን መለየት አይቻልም የሚለው ነው። የብሪታንያ ሕግ የሚለው «ዝርያ» ሳይሆን «ዓይነት» ነው፤ ፖሊስ ውሻውን ለክቶ፣ የጭንቅላቱንና የደረቱን ቅርጽ አይቶ ይወስናል፤ እናትና አባቱ ማን እንደሆኑ አይጠየቅም። በዚህ አሠራር የታወቀው ሰለባ የቤልፋስቱ ሌኖክስ ነው። ማንንም ነክሶ አያውቅም፤ ፒት ቡል ይመስላል ተብሎ በ2010 ተወሰደ፣ ከሁለት ዓመት የፍርድ ቤት ሙግት በኋላ በሐምሌ 2012 ተገደለ። አሜሪካ ውስጥ በፍሎሪዳ የእንስሳት መጠለያዎች የተደረገ ጥናትም ባለሙያዎቹ ራሳቸው በዓይን አይተው ፒት ቡል ካሏቸው ውሾች ብዙዎቹ በዘረ መል ሲመረመሩ ሌላ ሆነው መገኘታቸውን አሳይቷል።

ሁለተኛው መልስ ጠባይን ይመለከታል። በ2022 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ከ18 ሺህ በላይ ከሆኑ ውሾች ባለቤቶች መልስ ሰብስቦ፣ ከሁለት ሺህ የሚበልጡ ውሾችን ዘረ መል አጥንቶ፣ በአንድ ውሻና በሌላው መካከል ካለው የጠባይ ልዩነት ዝርያ የሚያብራራው 9 በመቶ ገደማ ብቻ ነው ብሏል። ዕድሜ፣ ጾታ፣ አስተዳደግና ኑሮም ድርሻ አላቸው። ይህ ማለት ዝርያ ምንም አይደለም ማለት አይደለም፤ የዝርያው ስም ፊት ለፊትህ ስለቆመው ውሻ የሚነግርህ እጅግ ጥቂት ነው ማለት ነው።

ብሪታንያ ይህን ሁሉ ከሰማች በኋላም በ2023 ዝርዝሯ ላይ አምስተኛ ጨመረች፦ ኤክስ ኤል ቡሊ የሚባለውን። ከየካቲት 1 ቀን 2024 ጀምሮ ያለ ልዩ ፈቃድ መያዝ ወንጀል ሆነ። ሕጉ ቁመት ሳይቀር ይለካል፦ ወንዱ ትከሻው ላይ ከ51፣ ሴቷ ከ48 ሳንቲ ሜትር ከፍ ካለ ሌሎቹ ምልክቶች ይታያሉ። ነባር ባለቤቶች 92 ፓውንድ ከ40 ፔንስ ከፍለው፣ ውሻውን አምክነው፣ ማይክሮቺፕ አስገብተው፣ ኢንሹራንስ ገዝተው፣ ከቤት ሲወጣ አፉን ሸብበው እንዲያቆዩት ተፈቀደላቸው። ከ50 ሺህ በላይ ውሾች በዚህ መንገድ ተመዘገቡ። እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። «እገዳ» የተባለው ሕግ በተግባር ሲታይ ለብዙዎቹ ውሾች እገዳ አልሆነም፤ ባለቤቱን የሚመዘግብና ግዴታ የሚጥልበት ሕግ ሆነ። ደንቡ ጥሩ ከሆነ ለሁሉም ትልቅ ውሻ ያልተደረገው ለምንድን ነው?

ሠርቷል ወይ?

የዚህ መልስ እንደ ተጠየቀው አገር ይለያያል፤ ሁለቱም ወገን የሚመዘው ቁጥር አለው። በእንግሊዝ በውሻ ንክሻ ሆስፒታል የተኙ ሰዎች በ2007 ወደ 4,700 ነበሩ፤ በ2021/22 ከ8,800 በለጡ። የ1991ዱ ሕግ በዚህ ሁሉ ጊዜ በሥራ ላይ ነበር። ኔዘርላንድስ በ1993 ፒት ቡልን አግዳ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ንክሻው አልቀነሰም ብላ እገዳውን ለመሻር ወሰነች። ጣሊያን የነበራትን ዝርዝር በ2009 ጣለችና ኃላፊነቱን በባለቤቶች ላይ አደረገች። የአሜሪካዋ ዴንቨር ከተማ ከ1989 ጀምሮ የቆየ እገዳዋን በ2020 በሕዝብ ድምፅ አነሳች።

በሌላ በኩል በካናዳ ማኒቶባ ክፍለ ሀገር የተደረገ ጥናት ፒት ቡልን ባገዱ አካባቢዎች በንክሻ ሆስፒታል የሚገቡ ሰዎች ከ100 ሺህ ሰው 3.47 የነበሩት ወደ 2.84 መውረዳቸውን አግኝቷል። ቅናሹ ትልቅ አይደለም፤ ዜሮም አይደለም። እገዳ ፈጽሞ አይሠራም የሚሉ ሰዎች ይህን ጥናት ዘለው ሲያልፉት አያለሁ፤ አግባብ አይደለም።

ወደ ዴንቨር ስንመለስ አንድ ጠቃሚ ነገር እናገኛለን። ፒት ቡል ከታገደ ከጥቂት ዓመት በኋላ በዚያች ከተማ የሚናከሱና የማይናከሱ ውሾች ተወዳድረው ተጠንተው ነበር። ፒት ቡል ቀድሞ ስለታገደ በጥናቱ ውስጥ የለም። የሚናከሱት እነማን ሆኑ? ጀርመን ሼፐርድና ቻው ቻው ጎልተው ወጡ። ከዝርያ ይልቅ ለእኛ የሚጠቅመው ግን ሌላው ግኝት ነው፦ የሚናከሰው ውሻ አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ነው፣ ያልተኮላሸ ነው፣ ግቢ ውስጥም በሰንሰለት ታስሮ የሚውል ነው። በሪያድ ዳርቻ ኢስትራሃ ውስጥ ጥላ በሌለው ጥግ ታስሮ የሚውለውን ውሻ ያየ ሰው ይህን መግለጫ ከሩቅ ያውቀዋል።

የጎረቤት አገሮች

የዓረቡ ዓለም በአሥር ዓመት ውስጥ ፊቱን ወደ ለንደን ጥያቄ አዙሯል። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በ2016 አደገኛ እንስሳትን ስለመያዝ ሕግ ቁጥር 22ን አወጣች። የሕጉ ዋና ዒላማ አንበሳና አቦሸማኔ በመኪና ጭነው የሚዞሩት ባለጸጎች ነበሩ፤ ግን በዚያው ፒት ቡልን፣ ማስቲፍን፣ ቶሳንና መሰሎቻቸውን ከለከለ። ማንኛውንም ውሻ ያለ ማሰሪያ ከቤት ይዞ መውጣት ደግሞ ከ10 ሺህ እስከ 100 ሺህ ድርሃም ያስቀጣል። በዱባይና በአቡዳቢ ለምትሠራ እህታችን ይህን ማወቅ ጥቅም አለው፤ የማዳምን ውሻ ለሽርሽር የምታወጣው እሷ ናትና።

ግብፅ በግንቦት 2023 ሕግ ቁጥር 29ን ያወጣችው በካይሮ ዳርቻ በሼኽ ዛይድ ከተማ የጎረቤት ፒት ቡል አንድ የባንክ ሠራተኛን ነክሶ፣ ሰውየው ሆስፒታል ገብቶ ሳይድን ከቀረ በኋላ ነው። የውሻው ባለቤቶች ታዋቂ ሰዎች ስለነበሩ አገር ጉድ አለ። ከዓረቡ ዓለም ውጭ ቱርክም በ2021 ባሻሻለችው ሕግ ስድስት ዓይነት ውሾችን ማራባትና መሸጥ ከልክላለች። ሦስቱም ሕጎች ከአንድ አስደንጋጭ አደጋ ወይም ከአንድ ሰሞን ጩኸት በኋላ የመጡ መሆናቸውን ልብ ይሏል። የዝርያ እገዳ በችኮላ የሚወጣ ሕግ ነው፤ መንግሥት አንድ ነገር ማድረጉን በአንድ ቀን ማሳየት ሲፈልግ ከዚህ የቀለለ የለም። የውሾችን ክትባትና ምዝገባ ማደራጀት አሥር ዓመት ይፈጃል፣ ካሜራ ፊት አያምርም።

የሪያድ ጥያቄ

ሰዑዲ የምትጠይቀው የቆየ ጥያቄ ከሃይማኖት የመጣ ነው። ሐዲሱ ለአደን፣ ለከብት ወይም ለእርሻ ጥበቃ ካልሆነ በቀር ውሻ የሚያሳድግ ሰው ከምንዳው በየቀኑ እንደሚቀነስበት ይናገራል። ቁርኣንም በአል-ማኢዳህ ምዕራፍ የሠለጠነ አዳኝ እንስሳ የያዘውን መብላት ፈቅዷል። የበረሃው ሰው ሰሉቂ የሚባለውን ቀጭን አዳኝ ውሻ ከድንኳኑ ውስጥ የሚያስተኛው፣ ሌላውን ውሻ ግን በድንጋይ የሚያባርረው ለዚህ ነው። ወደ ሰዑዲ ውሻ ማስገባት የሚፈቀደው ለአደን፣ ለጥበቃ ወይም ዓይነ ስውር ለመምራት ነው የሚለው የመንግሥት መመሪያም ለዓመታት የሠራው በዚሁ መንፈስ ነው። ኢትዮጵያዊ ሙስሊም ይህ አይገርመውም፤ ውሻ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር እንደሚታጠብ ከልጅነቱ የሚያውቀው ነው። ክርስቲያኑም ቢሆን ውሻ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር እንዳይገባ፣ ከሳሎንም እንዳያልፍ ተብሎ ያደገ ነው።

«ለምን ያዝከው?» ደግ ጥያቄ ነው። ለጌጥና ለጉራ የሚያዝን ውሻ ያስቀራል፤ በምዕራቡ ዓለም ከአንዳንድ ክፉ ንክሻዎች በስተጀርባ ያለው ለጉራ የተያዘ ውሻ ነውና። ነገር ግን ትልቅ ቀዳዳ አለው። በዓላማ የምትፈቅድ ከሆነ የምትፈቅደው የመጀመሪያው ውሻ የጥበቃ ውሻ ነው። የጥበቃ ውሻ ደግሞ አደገኛ እንዲሆን ተፈልጎ የተገዛ ነው። ሲያዩት የሚያስፈራ፣ እንግዳ የማይወድ፣ ሌሊት የሚለቀቅ። ባለቤቱ ከከተማ የሚመጣው ሐሙስ ማታ ወይም ዓርብ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ከውሻው ጋር የሚኖረው ማነው? ቴምሩን የሚያጠጣው፣ በሩን የሚከፍተው፣ ገንዳውን የሚያጥበው ሠራተኛ። ሌባው በአጥሩ ካልገባ ንክሻው የሚያርፈው እሱ ላይ ነው፤ በተለይ ሥራ የጀመረ ሰሞን፣ ውሻው ገና ሳይለምደው። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ እውነት ነው፣ ግን የሚያበላው ሰው በየስድስት ወሩ ሲለዋወጥ ውሻው ማንን ይመን?

ይህን ሰው የዝርያ ዝርዝርም አያድነውም። ለጥበቃ የሚያዘው አብዛኛው ውሻ ጀርመን ሼፐርድ ወይም ማሊኗ ወይም ከማን እንደተዳቀለ የማይታወቅ ነው፤ የብሪታንያ ሕግ አንዳቸውንም አይነካም። ከከተማ ዳር በመንጋ የሚዞሩትማ ዝርያ የላቸውም፤ በረሃው ያረባቸው ናቸው። ከ2007 እስከ 2009 ባሉት ሦስት ዓመታት በሰዑዲ 11,069 ሰዎች በእንስሳት መነከሳቸው ተመዝግቧል። ግማሹ ገደማ በውሻ፣ ከሩብ የሚበልጠው በድመት ነው። ግመልም፣ ቀበሮም፣ ተኩላም በዝርዝሩ ውስጥ አሉ። ድመት በአደገኛ ዝርያ ዝርዝር ላይ ሰፍራ አይቼ አላውቅም፤ በሽታ ማስተላለፉ ላይ ግን ከውሻ ጋር ወንበር ትጋራለች።

ሰዑዲ ሌላም ሕግ አላት፦ የባሕረ ሰላጤው አገሮች በጋራ ያጸደቁት የእንስሳት ደኅንነት ሕግ። እንስሳን ያለ ጥላ፣ ያለ ውኃ፣ ያለ በቂ ምግብ ማሰርን ይከለክላል፤ ጥፋቱ ሲደጋገም ቅጣቱ እስከ 400 ሺህ ሪያል ይደርሳል። ይህ ሕግ የተጻፈው ለውሻው ነው። ግን የዴንቨሩን ጥናት ላስታወሰ ሰው ለሠራተኛውም የተጻፈ ነው፤ በሰንሰለት ከሚሰቃየው ውሻ አጠገብ የሚያድረው እሱ ነውና። በእኔ ግምት የሪያድን የጥበቃ ውሾች ከዝርያ ዝርዝር ይልቅ የሚያለዝበው ይህ ሕግ በየኢስትራሃው ቢፈተሽ ነው።

የእኛ ጥያቄ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ እንስሳው ሳይታሰብ አምልጦ ቢሆንም፣ ጉዳቱ ሊገመት የማይችል ቢሆንም። እስቲ ይህን ከለንደን ጋር አስተያዩት። ስለ ዝርያ አንድ ቃል የለም። «ከዚህ በፊት ነክሶ አያውቅም ነበር» ማለት አያድንም። «ዘበኛው በሩን ክፍት ትቶት ነው» ማለት አያድንም። የማን ነው? የእገሌ ነው። እገሌ ይክፈል። ጀርመን አገር ታችኛው ሳክሶኒ የሚባለው ክፍለ ሀገር የዝርያ ዝርዝሩን ትቶ ከ2013 ወዲህ አዲስ ውሻ የሚይዝ ሁሉ በጽሑፍና በተግባር እንዲፈተን፣ ኢንሹራንስ እንዲገባ አድርጓል፤ እንደ መንጃ ፈቃድ ማለት ነው፣ መኪናው ሳይሆን ሹፌሩ ይፈተናል። ብዙ የዘርፉ ሰዎች የሚያወድሱት ይህ አሠራር የኛ ሕግ ከሃምሳ ዓመት በላይ ቀድሞ ከጠየቀው ጥያቄ የሚነሣ ነው።

ታዲያ ለምን አዲስ አበባ ላይ አይታይም? ባለቤት ስለማይገኝ። ውሻው ቀን በሰፈሩ ይውላል፣ ማታ ከአንዱ ግቢ ያድራል፤ እስኪናከስ ድረስ «የኛ ውሻ» ነው፣ ከተናከሰ በኋላ የማንም አይደለም። ምዝገባ ከሌለ አንቀጽ 2071 ከወረቀት አይወርድም። ባሕር ዳርም ጎንደርም ያው ነው። በቦሌና በሲኤምሲ ቪላዎች ሮትዋይለርና ካውኬዥያን የሚያስመጡ ሰዎች እየበዙ መሆናቸውን አይቶ የዝርያ እገዳ ይውጣልን የሚል ድምፅ ቢነሣ አይገርመኝም። እኔ ግን ቅደም ተከተሉ ይገለበጥብናል ብዬ እሰጋለሁ።

ምክንያቱም የኛ ገዳይ ውሻ ጡንቻማው አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት በእብድ ውሻ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ 59 ሺህ ሰው ይሞታል ብሎ ይገምታል፤ ከመቶው 99 በሽታው የተላለፈበት ከውሻ ነው፣ ከአሥሩ አራቱ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። የኢትዮጵያ ድርሻ በዓመት 2,700 ገደማ ይገመታል። በሽታው ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። ይህን ሁሉ የሚያደርሰው ዝርያ የሌለው፣ ያልተከተበ፣ ተራ የሰፈር ውሻ ነው። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ቢከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል። በአዲስ አበባ ለሰው የሚሆነውን ክትባት ሲያመርት የኖረው ተቋም፣ የዛሬው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ መሠረቱ በ1922 ፓስተር ተብሎ የተጣለ ነው። መቶ ዓመት ያለፈው ተቋም እያለን ዛሬም ብዙ ሰው ከተነከሰ በኋላ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጠበል ወይም ወደ ባህል መድኃኒት ዐዋቂ ነው፤ ክትባቱ ጋ ሲደርስ ቀኑ አልፏል።

ለሪያዱ አንባቢ

በእርሻ፣ በኢስትራሃ ወይም በቪላ ልትሠራ ስትሄድ፣ ውል ሲነገርህ፣ ስለ ደመወዝና ስለ እረፍት እንደምትጠይቀው ሁሉ ስለ ውሻውም ጠይቅ፤ አንቺም ጠይቂ። ተከትቧል? የክትባት ደብተሩ የት ነው? ሌሊት የሚለቀው ማነው፣ ስንት ሰዓት ላይ? የመጀመሪያው ቀን አሠሪው ራሱ ቆሞ ያስተዋውቅህ። የታሰረ ውሻ ሲበላ፣ ሲተኛ ወይም ቡችሎቿን ስታጠባ አትጠጋ። ቢመጣብህ አትሩጥ፣ ዓይኑን አትመልከት፤ ቀጥ ብለህ ቁም፣ እጅህን ሰብስብ፣ ቀስ እያልክ ወደ ጎን ፈቀቅ በል።

ውሻም ሆነ ድመት ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ እጠብ። አሥራ አምስት ደቂቃ ረጅም ነው፣ ሰዓት እያየህ አድርገው። ቡና ወይም ቅጠል አትነስንስበት፣ አትስፋው። ከዚያ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂድ። ክትባቱ በአንድ መርፌ አያልቅም፤ ከመጀመሪያው ቀን መርፌ በኋላ በሦስተኛው፣ በሰባተኛውና በአሥራ አራተኛው ቀን እየተቆጠረ ይሰጣል፣ ቁስሉ ከከፋም ሌላ መርፌ ይጨመርበታል። አሠሪው «ውሻዬ ንጹሕ ነው፣ ምንም አይልህም» ቢል የክትባቱን ደብተር ያሳይህ፤ አሳየም አላሳየም ግን ሂድ። የጤና ሚኒስቴር የምክር ስልክ 937 ነው፣ አምቡላንስ 997፣ በሪያድ ፖሊስና ሌላው አስቸኳይ እርዳታ 911። ኢቃማዬ (የመኖሪያ ፈቃዴ) አልታደሰም ብለህ ቤት ተቀምጠህ አትጠብቅ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ብዙውን ጊዜ ከሁለትና ከሦስት ወር ዝምታ በኋላ ነው የሚነሣው፣ ሲነሣ ደግሞ የሚመልሰው የለም።